ጭሱ ሳይታይ ጥሩን

ለሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳደር
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከሠራዊት የተመለሱ ሰዎችን በደን ዳር መንደሮች ለሰደድ እሳት መከላከል ሥራ ስለማሠልጠን

የተከበራችሁ የዞናችን ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከጣርማ በር ወረዳ፣ ከወፍ ዋሻ ደን ግርጌ ሆኜ ነው። ከደጃፌ ቆሜ ሽቅብ ሳይ መጀመሪያ ጥዱና ዝግባው፣ ከዚያ ኮሶው፣ ከዚያ አስታው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጅብራው ይታየኛል። ቁልቁል ሳይ ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ሜዳ በሙቀት ሲርገበገብ ይታያል። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ተነሥቶ፣ መኪና ላይ ሆኖ ጋቢውን ሳይገፍ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት የሚወረድበት አገር ነው። ይህን ያነሣሁት የአገሬን ውበት ላወራ አይደለም። እሳት በእንዲህ ያለ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ ለማስረዳት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

እኔ በሠራዊቱ ውስጥ 19 ዓመት አገልግዬ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ የመገናኛ ሬዲዮ ነበር። አሁን ገብስና ባቄላ አርሳለሁ፤ የእድራችንም ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ መጻፍ አይከብደኝም፤ ግን እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ መዋጮ ላልከፈለ ማስታወሻ ነው እንጂ ለዞን ጽፌ አላውቅም።

የምጠይቀው ይህን ነው። በደን ዳር ባሉ ቀበሌዎቻችን ሁሉ ከሠራዊት የተመለሱ ሰዎች አሉ። አሠልጥኑን፣ መሣሪያ ስጡን፣ የቀን አበል ቁረጡልን። (መሣሪያ ስል ዶማና መጋዝ ማለቴ ነው፤ ሌላውስ በቅቶናል።) እኛም ከኅዳር እስከ መጋቢት በየመንደሩ ዙሪያ እየዞርን እሳት የሚበላውን ነገር እንቀንስ። ዋናው እሳት ማጥፋቱ አይደለም። እሳቱ ሲመጣ የሚበላው እንዲያጣ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ ልተወው፤ ያስተናገደኝ ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል፣ ሻይም ጋብዞኛል። ሲሸኘኝ በሁለት እጁ ጨብጦኝ "አያስቡ ሃምሳ አለቃ፣ እሳት ሲነሣ እንጠራችኋለን" አለኝ። ደረጃውን እየወረድኩ ሳስበው፣ ነገራችን ሁሉ የተበላሸው እዚህች ንግግር ላይ ነው። እሳት ከተነሣማ የሚጠራን ቢሮ አይደለም፤ ጥሩምባው ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ደግሞ ሥራው አምልጧል።

እንዴት እንደሚያመልጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከመንደራችን በታች ካለው ተረተር ጭስ ተነሣ። ከሰል አክሳይ ነው ተባለ፤ ማር ቆራጭ ነው ተባለ፤ እስካሁንም አልታወቀም። ኡኡ ተባለ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ ከቆላው በኩል የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተጣራ። ሰው አልጠፋም። እንዲያውም ያስቸገረን የሰው ብዛት ነው። ወንዱ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሴቷ ጀሪካን አዝላ፣ ልጁ ባዶ እጁን፣ ሁሉም ደኑንና ቤቱን አድናለሁ ብሎ ከእሳቱ በላይ ተሰለፈ። ልቡ ልክ ነበር፤ የቆመበት ቦታ ግን የሞት ቦታ ነው።

እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ሳይደርስበት ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ይሮጣል። የሙያው ሰዎች በግምት ሲናገሩ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። ቀን ቀን ከቆላ ወደ ደጋ ይነፍሳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተገልብጦ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። እረኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጭስ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ያወቁት ይጠፋል። በእኛ በወታደሮቹ ቋንቋ፣ ከእሳት በላይ መቆም ማለት ጠላት እየሮጠ በሚወጣበት ሸለቆ አፍ ላይ ያለ ምሽግ መቆም ነው።

ከመካከላችን አንድ አሥር አለቃ ነበር፤ ድሮ የምህንድስና ክፍል ውስጥ ያገለገለ። "ወደ ጎን! ወደ ጎን ውጡ!" ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው? ለሰዉ እሱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በር ላይ የሚቆም፣ ለእረፍቱ ቀን የመጣ ዘበኛ ነው። "ፈርተህ ከሆነ አንተ ውረድ" ያለውም አለ። እኔና ሌሎች ሦስት ተመላሾች ግን ድምፁን አወቅነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሲሰማ እግር ራሱ ይታዘዛል። አንድ ነቃ ያለ ልጅ ቋጥኝ ላይ አወጣን፣ ነፋሱን እያየ እንዲያፏጭልን። ቀድሞ ከተቃጠለው ጥቁር መሬት ተነሥተን፣ በእሳቱ ጎን ሣሩን በዶማ እየገፈፍን፣ ባዶ አፈር እያወጣን ሽቅብ ተከተልነው። አምስት ሰው ነበርን። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሃያ በላይ ሆንን፤ ሰው ሥራ ካየ ይከተላል። ነፋሱ ሲዞር ልጁ አፏጨ፤ ሁላችንም ወደ ጥቁሩ መሬት ገባን። በዚያ ቀን ማንም አልሞተም።

ቤት ግን ተቃጠለ፤ ያውም እሳቱ ያልደረሰበት ቤት። የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ቤት ከእሳቱ ጫፍ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይርቅ ነበር። ነፋስ ያመጣው ፍንጣሪ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ በተከመረው ጭድ ላይ አረፈ፤ ከጭዱ ወደ ሣር ክዳኑ ወጣ። መንደሩ ውስጥ ማን ነበር? ሁላችንም ተራራ ላይ ነን። ስንመለስ የቆመው የድንጋዩ ግድግዳ ብቻ ነበር። ገብሱ ከነጎተራው፣ የሙሽርነት ቀሚሳቸው ከነሣጥኑ ዐመድ ሆኗል። እማማ ምንም አላሉም፤ "ጭዱን እዚያ ያደረግኩት ከብት እንዳይበላብኝ ብዬ ነበር" ብቻ አሉ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ በሰደድ እሳት ወድማለች። በዚያ እሳት 85 ሰዎች ሲሞቱ ከ18 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ተቃጥለዋል። ከዚያ የወጡትን ፎቶግራፎች ላየ ሰው የሚገርመው ነገር፣ ቤቱ ዐመድ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዛፍ ቅጠሉን እንደያዘ መቆሙ ነው። እሳቱ በየቤቱ እንደ ጎርፍ ተንከባሎ አልገባም። ፍንጣሪው በየጣሪያው፣ በየአሸንዳው፣ በየደረቅ ቅጠሉ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ቤት ቤትን አቀጣጠለ። የእማማ ቤትና የፓራዳይዝ ቤቶች የተቃጠሉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

የዚያ አገር ባለሙያዎች የቤቱን ዙሪያ በሦስት ይከፍሉታል። ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ምንም የሚነድ ነገር አይቀመጥም። ከዚያ እስከ 10 ሜትር ገደማ የሚነደው ነገር ይራራቃል፣ ሣሩ ይታጨዳል። እስከ 30 ሜትር ድረስ ደግሞ የዛፉ የታች ቅርንጫፍ ይመለመላል፣ የወደቀው ይለቀማል። እንግዲህ ይህን ሕግ ይዛችሁ አንድ የእኛን ግቢ ዙሩ። ኩበቱ የት ነው የተቆለለው? ግድግዳው ሥር፣ ዝናብ እንዳይነካው። የማገዶ እንጨቱስ? ጣሪያው ጥላ ሥር። ጭዱና ድርቆሹ? ከበረቱ ጎን፣ በረቱ ከቤቱ ጎን። የባሕር ዛፉ አጥር? ከሁሉም ጎን። ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ጭድ ከራቀ ከብት ይገባበታል፣ ሌባ ያጋምሰዋል፤ ማገዶ ከራቀ በሌሊት የምትወጣው ሚስት ናት፣ ጅብም አለ። ስለዚህ "ክምሩን አርቁ" ብሎ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ዋጋ የለውም። ቤት ለቤት ሄዶ፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ፣ "ይህን ክምር በበረቱ ወዲያ ማዶ፣ ነፋሱ ከቤቱ ወደ እሱ በሚወስድበት በኩል እናድርገው፤ አጥሩን እኛ እንሠራልሃለን" የሚል ሰው ያስፈልጋል። የምለው ሥልጠና ግማሹ ይኸው ነው፤ ቡና እየጠጡ ሰውን ማሳመን።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ አትቆጡኝ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤታችንን ያቆመ፣ ምጣዳችንን ያሞቀ እሱ ነው፤ ለገበሬው ደግሞ ባንኩ ነው፤ ልጅ ሲዳር ይቆረጣል። ይነቀል አልልም። ግን ልጣጩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በረጅሙ እየተላጠ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ሥሩ የወደቀው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። እሳት ከሣሩ ተነሥቶ በልጣጩ መሰላል አናቱ ላይ ይወጣል፤ የነደደውን ልጣጭ ነፋስ አንሥቶ ሩቅ ይጥለዋል። ደብረ ብርሃን ስትሰፋ አዳዲስ ሠፈሮች ባሕር ዛፉ ውስጥ እየገቡ ነው፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ቢሆንም ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኛ የደን ዳር ገበሬዎች ጣጣ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በዓመት አንድ ጊዜ በሠፈሩ በኩል ያለውን የዛፉን ሥር መጥረግ፣ የተንጠለጠለውን ልጣጭ ማውረድ፣ እስከ ሰው ቁመት መመልመል፤ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። የተለቀመው ደግሞ ለማገዶ ይሸጣል።

ወቅቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለሚያነቡት ለሌሎቹ ልበል። የእኛ ታላላቅ እሳቶች፣ የእንቁጣጣሽ ችቦና የመስከረም 16 ደመራ፣ መሬቱ ገና ከክረምት እርጥብ ሳለ ስለሚነዱ ጉዳት የላቸውም። አባቶች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን እንጃ። አደጋው የሚጀምረው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ሲገድለው ነው። ጥር ላይ ተራራው ሁሉ ገለባ ነው። የበልግ ዝናብ በጊዜው ከጣለ እናርፋለን፤ በልጉ ከቀረ ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ በጭንቀት ነው። በዚሁ ወቅት ነው ምንጣሮ የሚቃጠለው፣ ከሰል የሚከሰለው፤ በጫጫና በሸኖ በኩል ደግሞ ለገብስ ብለው አፈር የሚያጋዩት። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ እሳት የለኮሰውን ያስጠይቃል። መልካም። ግን ክስ ቤት አይከድንም።

ታዲያ ለምን ተመላሾች? ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ውለታ ክፈሉን ማለቴም አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ቀርቶብኝ። ሥራው የእኛን ሥራ ስለሚመስል ነው። በዓለም ላይ የሰደድ እሳት ሠራተኞች አራት ነገር ሳያሟሉ ወደ እሳት አይጠጉም፦ የሚጠብቅ ዓይን፣ የማይቋረጥ ግንኙነት፣ አስቀድሞ የታወቀ ማፈግፈጊያ መንገድ፣ መጨረሻ ላይ የሚገባበት ደህና ቦታ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሣቅሁ። ይህማ ቅኝት፣ ሬዲዮ፣ ማፈግፈጊያና ምሽግ ነው! አንድ ወጣት ይህን በወራት ቢማር እንኳ ነፍሱ ስትጨነቅ ይረሳዋል፤ እኛ ግን በጨለማ ቀስቅሳችሁን ብትጠይቁን አንረሳውም። ከሁሉ በላይ ማፈግፈግ ውርደት አለመሆኑን እናውቃለን። ባገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን ቀን አሥር አለቃውን ፈሪ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፣ እሳትን በወኔ የሚያሸንፉት መስሏቸው ነው።

በሌላው በኩል ይህ ሰው ዛሬ ምን እየሠራ ነው? ደብረ ብርሃን በየፋብሪካው፣ በየባንኩ በር የቆመውን ጥበቃ ስሙን ጠይቁት፣ ቀጥሎ ማዕረጉን ጠይቁት። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ሽማግሌ ሆኗል፤ ከኤርትራው ጦርነት በኋላ የተሰናበተው ጎልማሳ ነው፤ ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰው ገና ወጣት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በመላው አገሪቱ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ነው የተነሣው። ለነዚህ ሁሉ የልብስ ስፌትና የዶሮ እርባታ ሥልጠና ይበቃል ብላችሁ ታምናላችሁ? ዶሮም ጥሩ ነው፤ እኔም አለኝ።

በአሜሪካ ይህ ነገር ተሞክሯል። ቲም ሩቢኮን የሚባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የመሠረቱት ከባሕር ኃይል እግረኛ ጦር የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ተመላሾችን በሞተር መጋዝ አያያዝ እያሠለጠነ፣ በሰደድ እሳት በሚያሰጉ አካባቢዎች በቤቶች ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦና የደረቀ ዛፍ እንዲያነሡ ያሰማራል። ከመንግሥት የደን አገልግሎት ጋር የሚሠሩ፣ ለተመላሾች ብቻ የተቋቋሙ ቡድኖችም አሉ። እነሱ ሄሊኮፕተርና መኪና አላቸው፤ እኛ የለንም። ነገር ግን ቁጥቋጦ ለመመንጠርና ጭድ ለማንሣት ሄሊኮፕተር አያስፈልግም፤ ከዚያ አገር የምንወስደው ሐሳቡን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

የእኛን አገር ልምድም አስታውሱ። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ተቃጥሏል፤ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘምቶ ነበር፣ የውጭ ባለሙያም ተጠርቷል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡልን። ወዳጅ አገሮችን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ግን እሳቱ አልጠበቀንም። ወፍ ዋሻ ደግሞ የሰሜን ተራሮችን ያህል ስም የለውም፤ ለእኛ ማን እንደሚልክ እንጃ። የመናገሻ ሱባ ጥድ ዘሩ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ እንደተወሰደ ሲነገር እንሰማለን፤ እንዲህ ያለ የዘር እናት የሆነ ደን ነው። አስታ ቢቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ባሕር ዛፍም እንደዚያው። ጥድ ግን አንዴ ከተቃጠለ በቃው፤ ያያቶቻችን ዕድሜ ነው የሚሄደው።

አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። መንዝ ጓሳን እዩ። አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ከጀመሩት ጊዜ አንሥቶ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ተጠብቋል። (የመንዙን ቄሮ ማለቴ ነው፤ በኋላ ስሙ የገነነውን የወጣቶቹን አይደለም።) ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት በአንድ ቀን በሥርዓት ይታጨዳል፣ ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሰዉ ግን መጠበቁን በሌላ መልክ ቀጠለ፤ ጓሳውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም እስከ ዛሬ አለ። የእኔም ሐሳብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በደኑና በመንደሩ መካከል ያለው ሣር በኅዳር፣ ሳይደርቅ፣ በተራ ይታጨድ፤ ያጨደው ይውሰደው። ላሙ ይጠግባል፣ እሳቱ ይራባል።

አሁን ደግሞ በራሴ ሐሳብ ላይ ልነሣበት፤ እናንተ ከማንሣታችሁ በፊት።

አንደኛው፣ ሁሉም ተመላሽ ለዚህ አይሆንም። ሳንባው የተጎዳ አለ፣ ፍንጥርጣሪ በጉልበቱ ያለ አለ። የጭስ ሽታ ሌላ ቦታ የሚወስደውም አለ። አንድ ወዳጄ ሠፈር ውስጥ ጎማ ሲቃጠል ከሸተተው ለሁለት ቀን ቤቱ ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ሰው እሳት ፊት ማቆም ግፍ ነው። ስለዚህ ምዝገባው በፈቃድ ይሁን፣ ሐኪም ይየን፣ እምቢ ያለም አይጠየቅ። ደግሞ ቅድም እንዳልኩት ሥራው በአብዛኛው እሳት ያለበት አይደለም፤ ክምር ማዛወርና ቅርንጫፍ መመልመል ነው። ከሠራዊት የተመለሱ ሴቶችም አሉን፤ ቤት ገብቶ ማሳመኑ ላይ ከእኛ ይሻላሉ።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። በዚህ ጊዜ የቀድሞ ወታደሮችን አደራጅቶ ደን ውስጥ ማሰማራት ማንን አያስፈራም? እኔንም ያስፈራኛል። በየት በኩል ማን እንደሚያየን፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠረጥረን እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በግልጽ ይሁን። የስም ዝርዝሩ በእድሩ መዝገብና በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። መሣሪያው በእድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር ይቀመጥ። የደንብ ልብስ አንፈልግም፤ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይበቃናል። ካህኑም፣ ሼኩም፣ ሽማግሌውም የት እንደምንውል ይወቁ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከመካከላችን አይቁም፣ ሊጠብቀን ቢሆን እንኳ። ይህ ሊሟላ ካልቻለ ሥራው ይቆይ፤ ለጭድ ክምር የሰው ነፍስ አይከፈልም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልለሳለስም። "ለአገር ያገለገለ ለአካባቢው በነጻ ቢያገለግል ምን አለ?" የሚል ነገር ይመጣል። በነጻማ ሠርተናል። በነጻ የሚሠራ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ወደ እርሻው ይሄዳል፣ መሄድም አለበት። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ይወጣል፤ እርከኑ የሚሠራበት ወር እሳቱም የሚያሰጋበት ወር ነው። የእሳት መከላከያ መስመሩን የዚያ ዘመቻ አንድ ሥራ አድርጉት፤ ጉልበቱ ከሕዝቡ፣ መሪዎቹ ከሠለጠኑት ይሁኑ። አበሉ ለሠለጠኑት ብቻ ቢሆን ብዙ አይደለም።

የምጠይቀውን በአጭሩ ልቁጠረው። ለመጀመሪያው ዓመት ወፍ ዋሻን የሚያዋስኑት ሦስት ወረዳዎች፣ ጣርማ በር፣ አንኮበርና ባሶና ወራና፣ ከያንዳንዳቸው አንድ ቀበሌ ይምረጡ። ከየቀበሌው 12 ሰው። ሥልጠናው አሥር ቀን ይሁን፣ በጥቅምት፣ አጨዳው ሳይጠብቅ። አሠልጣኝ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ይምጣ፤ የመጀመሪያ ሕክምና ደግሞ ከጤና ጣቢያችን። መሣሪያው ዶማ፣ አካፋ፣ ሬክ፣ ማጭድ፣ የእጅ መጋዝ። የሞተር መጋዝ ለቀበሌ አንድ ይበቃል፤ እሱንም የሚነካው በሚገባ የሠለጠነ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እግር የሚቆርጥ ነገር ነው። ለውኃው ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና አንጠይቅም። ገበሬው ፀረ አረም የሚረጭበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ አለ፤ ታጥቦ፣ ለውኃ ብቻ ተለይቶ ሲቀመጥ የቀረ ፍም ለማጥፋት በጣም ጥሩ ነው። የተጎዳ ሰው የሚታከምበት ዋስትና በጽሑፍ ይሰጠን። ይኸው ነው።

መልስ እስክትሰጡን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አምስታችን በራሳችን ዶማ ባለፈው ታኅሣሥ በጎጣችን 23 ግቢዎችን አይተናል። በ14ቱ ክምሩ ተነሥቷል፤ አምስቱ "ከፋሲካ በኋላ" ብለውናል፤ አራቱ አባረውናል፤ ከአራቱ አንዱ የገዛ አጎቴ ነው። እማማ አዲሱን ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ ጭዳቸውን ራሳቸው ማዶ አስከምረው፣ አሁን ጎረቤት የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ኅዳር ከመካከላችሁ የሚመቸው ሰው አንድ ቀን ቢመጣ ግቢዎቹን አዞረዋለሁ። ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ዳገት ስለሆነ ደህና ጫማ ያድርግ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ከጣርማ በር ወረዳ

ግልባጭ፦
ለጎጣችን እድር፣ መዝገብ ላይ እንዲቀመጥ
ለአሥር አለቃው፣ ደብረ ብርሃን፣ የሚቆምበት ፋብሪካ በር ድረስ በእጅ እንዲሰጠው
ለአጎቴ